የከንፈሬን ነጭ ቦታ በንቅሳት ላስሸፍን ነው፤ ያሠራችሁ ንገሩኝ

የፒያሳዋ
ኅዳር 3፣ 2017

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

29 ዓመቴ ነው። ታችኛው ከንፈሬ ላይ በግራ በኩል ነጭ ቦታ አለ። ሁለት ሽምብራ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያህላል። ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ሐኪም አይቶት "ቪቲሊጎ ነው" ብሎ ቅባት አዘዘልኝ። ሁለት ወር ተቀብቼ ተውኩት። ሰፈር ውስጥ ግን ስሙ ለምጽ ነው። ለምጽ ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ሊፕስቲኬ ለቆ ነበር። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ጥግት አለች። ምንም አላለችኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሁሌ ሊፕስቲክ እቀባለሁ። ቡና ስጠጣ ግማሹ ስኒው ላይ ይቀራል። ከዚያ መስታወት ፍለጋ መነሳት ነው። ቢሮ ውስጥ በቀን አምስት ስድስቴ እነሳለሁ። ሰልችቶኛል።

ቀኝ ክንዴ ላይ ደግሞ የቃጠሎ ጠባሳ አለኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ላይ ወድቄ ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ አያሳክከኝም፣ ግን ነጣ ብሎ ከሩቅ ይታያል። እኔ ለምጄዋለሁ። እናቴ ግን አልለመደችውም። አጭር እጅጌ በለበስኩ ቁጥር ዐይኗ እዚያው ላይ ነው።

ሠርጌ ጥር ላይ ነው። ቅንድብ ታቱ የሚሠሩ አንድ ሳሎን ሄጄ ነበር። "የቆዳሽን መልክ ያለው ቀለም በመርፌ እናስገባለን፤ ከንፈሩንም ክንዱንም በአንድ ቀን እንጨርሳለን፤ ዕድሜ ልክ ነው" አሉኝ። ቅዳሜ ቀብድ ልከፍል ነው። ያሠራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ለገሃር
ኅዳር 3፣ 2017

እኔም ጉልበቴ ላይ ስላለ መልሱን እጠብቃለሁ። ዋጋውንም የምታውቁ ጻፉልን።

ነርስ ነኝ
ኅዳር 4፣ 2017

እህቴ፣ ቀብዱን አሁን አትክፈይ። ለምን እንደምልሽ ላስረዳ። ቆዳ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ታክሲዋ ሴትዮ። ቪቲሊጎ አይተላለፍም። በመንካት፣ በስኒ፣ በመሳሳም፣ በምንም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሥጋ ደዌ ሌላ በሽታ ነው፤ መነሻው ባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ይድናል። የሥጋ ደዌ ቦታ ሲነካ ስሜቱ ደክሟል ወይም ጭራሽ የለም። የአንቺ ከንፈር ግን ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ይሰማዋል። ሁለቱን በአንድ ስም ስንጠራ ኖረን ስንቱን ሰው ከማኅበር ከዕድር እንዳራቅን ሳስበው ያመኛል። በዓለም ላይ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ሰው ቪቲሊጎ አለበት። እኛ አገር ጥቁር ቆዳ ላይ ስለሚጎላ ነው የበዛ የሚመስለን።

አሁን ወደ ንቅሳቱ። ቪቲሊጎ ሁለት ጠባይ አለው። አንዳንዴ ተኝቶ ይቀመጣል፣ አንዳንዴ ይነሳል። የተነሳ ጊዜ ቆዳሽ ሲፋቅ፣ ሲቆረጥ፣ ሲወጋ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ነጭ ይወጣል። ኮብነር ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሌላ የቆዳ በሽታ ላይ ያስተዋለው ጀርመናዊ ሐኪም ስም ነው። ንቅሳት ማለት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የመርፌ ውጊያ ነው። የተኛ ከሆነ ትሸፍኚዋለሽ። የተነሳ ከሆነ ግን በገዛ ገንዘብሽ ታሰፊዋለሽ።

ስለዚህ ሦስት ነገር መልሺልኝ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ቦታ ወጥቶብሻል? የከንፈርሽ ሰፍቷል? የቆሰልሽበት ወይም ልብስ የሚፈትግሽ ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል? ከመመለስሽ በፊት መስታወት ፊት ቁሚ። ጀርባሽን ሰው ይይልሽ።

ቀበና ልጅ
ኅዳር 4፣ 2017

እኔ የጠባሳውን ልንገርሽ። ወንድ ነኝ፣ 34። የ22 ዓመት ልጅ ሆኜ ምግብ ቤት ስሠራ የጋለ ዘይት ግራ እጄ ላይ ፈሰሰ። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስወጣ ከመዳፌ ጀርባ እስከ ክርኔ ነጭና ሮዝ ሆኖ ቀረ።

ከሦስት ዓመት በፊት አሠራሁት። ሦስት ቀጠሮ ነው የፈጀው፣ በየሁለት ወሩ። በእውነት ደስ ብሎኛል። ግን ምን እንዳገኘሁ በትክክል ልንገርሽ። ጠፍጣፋው ቦታ ከሁለት ክንድ ርቀት አይታይም። ጎርበጥ ያለው ቦታ ቀለሙን ያዘ፣ ጉርባጤው ግን አለ። ቃጠሎ ቆዳን ያንጸባርቃል አይደል፣ ያ ማንጸባረቅም አለ። ፀሐይ በጎን ስትመታው እንደ ላስቲክ ያበራል። ንቅሳት መልክን ነው የሚያስተካክለው፣ የቆዳውን ወለል አይደለም። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ የመጀመሪያውን ቀን አኩርፌ ነበር።

ሌላ። ጠባሳ ላይ ቀለም እኩል አይገባም። አንዱ ጋ ጠንካራ ነው፣ መርፌው ይመለሳል። ሌላው ጋ ስስ ነው፣ ቀለሙ ይሰፋል። ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ እጄ ዝንጉርጉር ነበር። ሦስተኛው ነው ያስተካከለው። "በአንድ ቀን እንጨርሳለን" ያለሽ ሰው ጠባሳ ሠርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የፒያሳዋ
ኅዳር 5፣ 2017

አመሰግናለሁ። ነርስዬ ያልሽውን አደረግኩ። እህቴ አየችኝ።

ክርኔ ላይ አለ። የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል። ቅባት ያነሰው ደረቅ ቆዳ መስሎኝ ነበር። እህቴ መስከረም ላይ አይቼብሻለሁ አለችኝ። ትከሻዬ ላይ ደግሞ ቦርሳ የምይዝበት በኩል ቀጭን መስመር አለ፣ ነጣ ያለ። ማንገቻው የሚያርፍበት ትክክል ነው። ጽፌ ስጨርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ነርስ ነኝ
ኅዳር 5፣ 2017

አይዞሽ የኔ እህት። በጊዜ ያየሽው መልካም ነው። ያ የትከሻሽ መስመር ያልኩሽ ኮብነር ነው። በሽታው ተነስቷል ማለት ነው። አሁን ከንፈርሽን ብትነቀሺ ቀለሙ ዳርና ዳር ላይ አዲስ ነጭ ቀለበት ሊወጣብሽ ይችላል። ክንድሽ ላይ ያለው ጠባሳም ከቃጠሎ ይሁን እንጂ ቆዳው የአንቺው ነው፤ እሱንም አሁን አታስነኪው።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አለርት ብትሄጂ የአገሪቱ አንጋፋ የቆዳ ሆስፒታል ነው። ከተማ መሐል ጥቁር አንበሳም የቆዳ ክፍል አለ። ወረፋ ካስቸገረሽ የግል ስፔሻሊስት አለ። ብቻ ፋርማሲ ገብተሽ "ለለምጽ የሚሆን" ብለሽ ቅባት እንዳትገዢ። ጠንካራ ስቴሮይድ ሰጥተው ከንፈርሽን ያሳሱታል።

ንቅሳቱን አትርሺው ማለቴ አይደለም። ከንፈርና የጣት ጫፍ ላይ ያለ ቪቲሊጎ በሕክምና ለመመለስ በጣም ያስቸግራል። የከንፈር ንቅሳት እንደውም ከሌላ ቦታ ይልቅ የሚያምረው ነው። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ዝም ካለ በኋላ።

መርፌና ቀለም
ኅዳር 6፣ 2017

ሥራዬ ይሄ ነው። ካዛንቺስ ነበርኩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቦሌ ዞርኩ። ቅንድብና ከንፈር እሠራለሁ። ጠባሳ መሥራት የጀመርኩት ሠልጥኜ ከአምስት ዓመት ወዲህ ነው። የሙያዬን ጉዳይ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም እህታችን የተነገራት ነገር አሳፍሮኛል።

አንደኛ፣ የቆዳ ቀለም የሚባል ብልቃጥ የለም። የኛ ጠይምነት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ጥቁር ያደላል። የራስሽ ክንድ ውስጡና ውጪው እንኳ ይለያያል። እኔ ሦስት አራት ቀለም እቀላቅልና በመስኮት ብርሃን ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር አስተያየዋለሁ። በአምፖል ብርሃን አልወስንም፣ አምፖል ይዋሻል። ከዚያ ጠባሳው ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ እሞክርና ደንበኛዬን አሰናብታለሁ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። ቀለም የገባ ቀን ጠቁሮ ይታያል። ቅርፊቱ ሲለቅ ደብዝዞ ይታያል። እውነተኛ መልኩ የሚለይው ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን ሙከራ የሚዘል ሰው ዘንድ አትግቡ።

ሁለተኛ፣ "ዕድሜ ልክ" የሚባል የለም። ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ እዚያም ሰውነት ቀስ በቀስ ይጠርገዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ መታደስ ይፈልጋል። ሲለቅም እኩል አይለቅም። ከብረት ኦክሳይድ የተሠራው ወደ ቀይና ብርቱካናማ ሊሄድ ይችላል። ካርቦን ያለበት ወደ ግራጫ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ፀሐይ። የእናንተ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ንቅሳቱ ግን ባለበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ከባድ ናት። ኅዳር ላይ ከቆዳሽ ጋር የገጠመ ቀለም መጋቢት ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ ከክፍያው ጋር የሚታሰብ ወጪ ነው።

ለገሃር፣ ዋጋ ስለጠየቅከኝ፦ በቦታው ስፋትና በቀጠሮ ብዛት ነው የሚቆረጠው። በስልክ ዋጋ የሚቆርጥልህን ተጠራጠረው። ሳያይ አያውቅም።

የቪቲሊጎ ሰው ሲመጣብኝ ከሐኪም ወረቀት ካላመጣ አልነካም። ገንዘቡ ቀርቶብኝ ያውቃል። ይቅርብኝ።

ሐበሻ 83
ኅዳር 6፣ 2017

እባካችሁ የኔንም አንብቡ። እኔ አልጠበቅኩም።

የሁለቱም እጄ ጣቶች መገጣጠሚያ ላይ ቪቲሊጎ ነበረኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቦታ ሄጄ ተነቀስኩ። ማንም ስለ በሽታው አልጠየቀኝም። መጀመሪያ ሁለት ወር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሰው ስጨብጥ እጄን መደበቅ ተውኩ። በአምስተኛው ወር የእያንዳንዱ ንቅሳት ዙሪያ ነጣ። መሐሉ ቡናማ፣ ዙሪያው ነጭ። ከድሮው የባሰ ዐይን ውስጥ ይገባ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ቡናማው ብርቱካናማ ሆነ።

በሌዘር ላስወግደው ሄድኩ። ሌዘሩ የነካው ጊዜ ቀለሙ እዚያው ዐይኔ እያየ ጠቆረ። ለካ ቀለሙ ውስጥ ብረትና ነጭ ማቅለሚያ ካለ ሌዘር ሲመታው ኬሚካሉ ይለወጥና ይጠቁራል። ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ነው ያቆሙት፣ ተመስገን።

አሁን እጄ ላይ ሦስት መልክ አለ። ጣት በየቀኑ ይታጠባል፣ ይታጠፋል፣ ይፈተጋል፤ ቀለም እዚያ አይቆይም። ይሄን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር። እህቴ፣ ጠብቂ።

የሽሮ ሜዳ እናት
ኅዳር 7፣ 2017

ልጆቼ፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

እኔ ጎንደር ገጠር ነው ያደግኩት። አንገቴ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አለኝ፣ ድዴም ተነቅሷል። የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስበን ነው የተነቀስነው። አንዲት ሴት ነበረች ነቃሽ። የኩራዝ ጥላሸት በጥብጣ፣ በመርፌ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። የአንገቱ ለጌጥም ነው፣ እንቅርት እንዳይወጣም ይባላል። የድዱ ጥርስን ነጭ አድርጎ ያሳያል።

ጥላሸቱ ጥቁር ነበር። አሁን አንገቴን ብታዩት አረንጓዴ ሰማያዊ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አልጠፋም። ልጄ ስታነብልኝ "ዕድሜ ልክ" የምትለዋን ስሰማ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። የገባው ቀለምና የሚቀረው ቀለም አንድ አይደለም።

መርፌዋ ግን አንዲት ነበረች። ለሁላችን። እሱን ሳስበው አሁን ይዘገንነኛል። እናንተ ዐይናችሁ እያየ ካልተከፈተ በመርፌ አትነኩ።

ነርስ ነኝ
ኅዳር 7፣ 2017

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መርፌውን ስላነሱልኝ ልቀጥልበት። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ እና ኤች አይ ቪ ደም በነካ መርፌ ይተላለፋሉ። መርፌው ከታሸገበት እፊታችሁ ይከፈት፣ እፊታችሁ ይጣል። ቀለሙም ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሽ የአንድ ሰው ማስቀመጫ ይቀዳ፤ የተረፈው ይደፋ እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ቀለም በቧንቧ ውኃ አይቀጠንም። ውጭ አገር በዚህ ምክንያት በርካታ ሰው አንድ ላይ በቆዳ ኢንፌክሽን ታሟል፣ ለወራት መድኃኒት የሚያስወስድ ዓይነት።

ከንፈር ለምታሠሩ ደግሞ አንድ ነገር። ምች የሚወጣባችሁ ከሆነ፣ ማለትም ከንፈር ዳር ውኃ የቋጠረ ቁስል እየደጋገመ የሚነሳባችሁ፣ ከመነቀሳችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ። ያ ሄርፒስ ነው፣ መርፌው ይቀሰቅሰዋል። አስቀድሞ የሚወሰድ ኪኒን አለው። ደማከሴ ማሽተቱን ማንም አይከለክላችሁም፤ እዚህ ላይ ግን ኪኒኑ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ሜላት ነኝ
ኅዳር 9፣ 2017

ኬሎይድስ? ጆሮዬን ከተበሳሁ በኋላ ያበጠ ነገር ወጣብኝ፣ ሁለቴ ተቆርጦ ተመልሷል። አሁን በቄሳር ወልጄ ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ ደህና ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ግን ነጣ ብሏል። እሱን ላስነቅስ ፈልጌ ነበር።

መርፌና ቀለም
ኅዳር 9፣ 2017

ሜላት፣ እኔ ዘንድ ብትመጪ እመልስሽ ነበር። ኬሎይድ ያለበት ሰው ቆዳ ለትንሽ ቁስል ብዙ ሥጋ ያበቅላል፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ይሄዳል። እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ በብዛት ይታያል። አሁን ጠፍጣፋ የሆነልሽን ነገር አትቀስቅሺው። ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ከዓመት በታች ከሆነ ጠባሳው ገና መልኩን አልጨረሰም፣ ራሱ ሊጠቁርልሽ ይችላል።

ሜላት ነኝ
ኅዳር 9፣ 2017

ሰባት ወሬ ነው። እጠብቃለሁ። ደግሞ ጆሮዬ ላይ መርፌ ሲወጉኝ ዙሪያው ነጥቶ ነበር፣ እሱም ቪቲሊጎ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

ነርስ ነኝ
ኅዳር 9፣ 2017

አይደለም። ለኬሎይድ የሚወጋው ስቴሮይድ ነው፣ የገባበትን ቦታ ያነጣል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። እሱን ነገር ማስነቀስ ማለት ሊመለስ ያለውን መልክ ቀድሞ መቀባት ነው። ሲመለስ ቦታው ጠቁሮ ይቀርብሻል።

የዮናስ እናት
ኅዳር 12፣ 2017

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዐይኑ ሥር ነጭ ወጥቶበታል። ትምህርት ቤት እጁን ይዞ የሚሰለፍለት ልጅ ጠፍቷል። ለልጅ ይሠራል ወይ? የምትሉኝን እከፍላለሁ።

ነርስ ነኝ
ኅዳር 12፣ 2017

እናቴ፣ ለሱ አይሠራም። ቆዳው ገና ያድጋል፣ በሽታውም የት እንደሚቆም አልታወቀም። ግን መልካም ነገር አለ፤ ፊት ላይ ያለ ቪቲሊጎ በተለይ በልጅነት ለሕክምና ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ቶሎ የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጂው። መምህሩን ደግሞ አንቺው ሄደሽ አነጋግሪው። "አይተላለፍም" የምትለዋን ቃል ክፍሉ ውስጥ ይበልልሽ። መምህር ፊት ለፊት እጁን ቢይዘው ልጆቹ ይከተላሉ፣ አይቻለሁ።

የፒያሳዋ
ታኅሣሥ 10፣ 2017

ቀብዱን አልከፈልኩም። ሐኪም ጋ ሄድኩ።

ዶክተሯ መጋረጃውን ዘጋች፣ መብራት አጠፋች፣ የእጅ ባትሪ የሚመስል ሐምራዊ መብራት አበራች። የዉድ መብራት ነው የሚሉት። ክርኔ ላይ ስታበራው በጨለማው ውስጥ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ፏ አለ፣ እንደ ኖራ። በዐይኔ ያላየኋቸው ሁለት ቦታዎች ጉልበቴ ላይ ወጡ። አለቀስኩ። ዶክተሯ መብራቱን አጥፍታ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ ቀጠሮዬ አልቆ እንኳ አላቻኮለችኝም።

ፎቶቴራፒ፣ ማለትም የብርሃን ሕክምና ጀምሬያለሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቁም ሳጥን የሚመስል ሳጥን ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጌ እቆማለሁ። የ311 ናኖሜትር ጨረር ነው። ሲጀመር ከደቂቃ በታች ነው፣ በየጊዜው ሰከንድ ይጨምሩልኛል። ከሱ ጋር ቅባት አለ። ለውጥ ከሦስት ወር በፊት አትጠብቂ ብለውኛል። ንቅሳቱን ስጠይቃት ሳቅ አላለችም። "የከንፈሩን ከዓመት በኋላ አብረን እናስብበታለን" አለችኝ።

ለእጮኛዬ ሁሉንም አሳየሁት። ጉልበቴንም። እስከዛ ቀን አላወቀም ነበር፣ ከንፈሬን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሐበሻ 83
ታኅሣሥ 10፣ 2017

ተመስገን። እኔም ከአንቺ ጽሑፍ በኋላ ቀጠሮ ያዝኩ።

ቀበና ልጅ
ታኅሣሥ 11፣ 2017

ለክንድሽ ጊዜው ሲደርስ አንድ ምክር። የተጠቀሙልሽን ቀለም ስምና ቁጥር፣ ስንት ስንት እንደቀላቀሉም፣ ደብተርሽ ላይ አጽፈሽ ያዢ። የኔን የሠራችው ልጅ ፒያሳ ነበረች። ቤቱ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስልኳም ተቀየረ። ላሳድስ ስፈልግ አዲሱ ሰው ከዜሮ ነው የጀመረው፣ አሁን ክርኔ አካባቢ ሁለት መልክ ሆኗል። አንዲት መስመር ጽሑፍ ታድነኝ ነበር።

መርፌና ቀለም
ታኅሣሥ 11፣ 2017

ይሄን ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኞቼ በካርድ ጽፌ እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

የፒያሳዋ
ጥር 29፣ 2017

ሠርጉ አለፈ። ሜካፕ አርቲስቷን አንድ ሳምንት ቀድሜ ቤት ጠርቼ ነገርኳት። ጠባሳ የሚሸፍን ወፍራም ክሬም ከንፈሬ ላይ በጣቷ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ለጥፋ፣ በፓውደር አድርቃ፣ ሊፕስቲኩን ከላይ ሄደችበት። ኬኩ እስኪቆረስ አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ መስታወት ፍለጋ አልተነሳሁም። እስክስታ ላይ ነበርኩ።

ቀሚሴ እጅጌ አልነበረውም። ክንዴን ለመሸፈን ክሬሙ ነበረ፣ ግን ጠዋት እናቴን ጠራኋትና "እማዬ፣ ይሸፈን ወይስ ይቅር?" አልኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። "ያን ቀን ሊጥ እጄ ላይ ነበር፣ ለመያዝ ዘገየሁ" አለችኝ። 23 ዓመት ሙሉ ነግራኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ስወድቅ ያነሳችኝን ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ሊጡ ፀጉሬ ላይ ነበር። ነገርኳት። ሳንሸፍነው ወጣን።

የዮናስ እናት
ጥር 30፣ 2017

እንኳን ደስ ያለሽ። አንጀቴን በላሽው። የኔ ልጅ ቅባት ጀምሯል፣ መምህሩም ያልሽኝን አደረገ ነርስዬ።

የፒያሳዋ
ግንቦት 21፣ 2017

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልጻፍ። አምስት ወር አልፎኛል። ከትንሣኤ በፊት ሁለት ሳምንት ቀርቼ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ። እሱ ሲቀር አላቋረጥኩም። ያኔ ታኅሣሥ ላይ ክርኔን ፎቶ አንስቼው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው።

ክርኔ ላይ በነጩ መሐል ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። እንደ ጤፍ ፍሬ ናቸው፣ ሠርገኛ ጤፍ። አንዲት ፍሬ በአንዲት ፀጉር ሥር። ዶክተሯ ስታስረዳኝ፣ የተረፉት ቀለም ሠሪ ሴሎች ፀጉር ሥር ተደብቀው ነበር፣ ብርሃኑ ቀስቅሷቸው እየወጡ ነው። እየሰፉ እየሰፉ ይገናኛሉ። ጉልበቴ ላይም ጀምሯል። የትከሻዬ መስመር አልሰፋም። ከጥር ወዲህ አዲስ ቦታ አልወጣም።

ከንፈሬ ያው ነው። ከንፈር ላይ ፀጉር የለም፣ ስለዚህ ጤፍ የሚበቅልበት ሥር የለውም። ነርስ ነኝ መጀመሪያ የጻፈችልኝ ነገር አሁን ነው የገባኝ። እዚያ ላይ ነው ንቅሳቱ ሥራ ያለው። እስከሚቀጥለው ጥር ዝም ካለ፣ ከሐኪሟ ወረቀት ይዤ መርፌና ቀለም ጋ እሄዳለሁ። በውስጥ መስመር ተጻጽፈናል፣ የምስር ፍሬ የምታህለዋን ሙከራ ከንፈሬ ጥግ ላይ እንጀምራለን ብላኛለች። ምች ወጥቶብኝ ያውቃል፣ ኪኒኑንም አስቀድሜ እወስዳለሁ።

ክንዴን አላሠራም። እናቴም ዐይኗ ከዚያ ላይ ተነስቷል።

ሰኔ 18 የዓለም የቪቲሊጎ ቀን ነው። ሐበሻ 83፣ ፒያሳ አካባቢ ከሆንክ አንተም ና፣ የዮናስ እናትም ልጅሽን ይዘሽው ነይ። ቡና እጋብዛለሁ። ሊፕስቲክ ሳልቀባ ነው የምመጣው።

ሐበሻ 83
ግንቦት 21፣ 2017

እመጣለሁ። ሰዓቱን ንገሪን።